ለጉዞ ስንዘጋጅ የምንረሳው ሸራ

ዳቦ ተጋግሮ፣ ቆሎ ተቆልቶ፣ ውኃ በየኮዳው ተሞልቶ፣ ስልክ ቻርጅ ተደርጎ ያድራል። ቤተሰብ ለአንድ ቀን ጉዞ ሲነሳ የሚያዘጋጀው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ጉዞው ወንጪ ሐይቅን ለማየት፣ ዝቋላ አቦን ለመሳለም፣ ድሬ ሼክ ሁሴንን ለመዘየር፣ ወይም ልጆች ከትምህርት ቤት ጋር ወደ መናገሻ ሱባ ደን የሚያደርጉት ሽርሽር ሊሆን ይችላል። ስለ ስንቁ ብዙ እንጨነቃለን። «መንገድ ላይ ዝናብ ቢይዘን፣ መኪናው ቢበላሽ፣ አንዱን እግሩን ወለም ቢለውና ደጅ ቢመሽብን የት እንጠለላለን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለዚህ ጥያቄ በአነስተኛ ወጪ የሚገኘው መልስ አንድ ሸራ ነው። ድንኳን አላልኩም። ድንኳን ውድ ነው፣ ይከብዳል፣ ለአንድ ቀን ጉዞ ብሎ የሚሸከመው ሰው የለም። ሸራ ግን ተጣጥፎ ከቦርሳ ግርጌ ይቀመጣል። ሲያስፈልግ ጣሪያ፣ ሲያስፈልግ የንፋስ መከላከያ፣ ሲያስፈልግ ምንጣፍ ይሆናል። በነርስነት ያገለገለች ሴት ስለ ሸራ መጻፏ የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ሸራን የማየው በመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች እንደ አንዱ አድርጌ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ብርድ ለመጉዳት በረዶ አያስፈልገውም

«የ13 ወር ፀሐይ አገር ይዘን ብርድ ማንን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። የጤናማ ሰው የውስጥ ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ሰውየው አስቸኳይ ዕርዳታ ያስፈልገዋል። በጤናና በአደጋ መካከል ያለው ርቀት 2 ዲግሪ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ወደዚያ ለመድረስ ደግሞ ውጪው በረዶ መሆን የለበትም። ልብስ ከረጠበ፣ ንፋስ ካለ፣ ሰውየውም ከደከመውና ከራበው፣ አየሩ 10 ዲግሪ ቢሆን እንኳ የሰውነት ሙቀት ሊወርድ ይችላል።

አገራችን ደግሞ ተራራማ ናት። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የዝቋላ ጫፍ 2,989 ሜትር ነው። ከታች በስስ ሸሚዝ ላቡን እየጠረገ የተነሳ ተሳላሚ፣ ጫፍ ሲደርስ በዚያው ሰዓት 6 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል። ንፋሱና ጉሙ ተጨማሪ ነው። የእንጦጦ ከፍታ 3,200 ሜትር ገደማ፣ የወንጪ ጫፍ 3,386 ሜትር ነው። የባሌው ሳነቴ ሜዳ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በበጋ ቀን ፊትን የሚያቃጥል ፀሐይ ወጥቶበት ሌሊቱን ውርጭ ይጥልበታል።

ትልቁ ጠላት ግን እርጥበት ነው። ውኃ ከሰውነታችን ላይ ሙቀትን የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ነው። የምንወደው ጋቢ ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ሳለ የሚስተካከለው የለም፤ ከራሰ በኋላ ግን ይከብዳል፣ ከገላ ጋር ይጣበቃል፣ ሙቀታችንንም ይወስዳል። ባና ወይም በርኖስ የለበሰ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሱፍ ረጥቦም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ይይዛልና። ከተማ ያደገ ልጅ ግን ባና የት ያገኛል? ጂንስ ሱሪና ቲሸርት ነው የሚለብሰው፤ ሁለቱም ጥጥ ናቸው።

ልጆችና አረጋውያን ከሌላው ቀድመው ይጎዳሉ። የሕፃን ገላ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። አያቶች ደግሞ ጡንቻቸው ስለቀነሰ ተንቀጥቅጠው ሙቀት የማመንጨት አቅማቸው ይደክማል፤ አንዳንዶቹም ብርዱ ሲገባባቸው ቶሎ አይሰማቸውም። የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ እግራቸው የሚደነዝዝ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ይብሳሉ።

መንቀጥቀጥ ሲቆም

ከዓመታት በፊት እሠራበት ወደነበረ ጤና ተቋም፣ ከክብረ በዓል ሲመለሱ መንገድ ላይ ዝናብ ይዟቸው ያደሩ ቤተሰቦች አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ይዘው መጡ። እናቷ የነገረችን እንዲህ ነበር፦ «ሌሊቱን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ነበር። ንጋት ላይ መንቀጥቀጡ ቆመላትና እንቅልፍ ወሰዳት። ሞቃት ብዬ ደስ አለኝ።» ልጅቱ ግን አልሞቃትም። ስትጠራ በደንብ አትመልስም፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ የሜርኩሪ ቴርሞሜትሩ ብብቷ ውስጥ ቆይቶ ከ35 መስመር አልተነሳም። ሰውነቷ መንቀጥቀጡን የተወው አቅም አጥቶ ነው።

እርጥብ ልብሷ ወልቆ፣ ደርቃና ተሸፍና፣ ቀስ በቀስ ሞቃ ዳነች። ያ ቤተሰብ ሳይዘጋጅ የወጣ አልነበረም። ሁለት ጋቢ፣ አንድ ብርድ ልብስና የልጆች ሹራብ ይዘዋል። ሁሉም ግን ርሶ ነበር። በዚያ ሌሊት የጎደላቸው ተጨማሪ ልብስ ሳይሆን የያዙትን ልብስ ደረቅ የሚያቆይላቸው ጣሪያ ነበር።

የሸራ ጥቅም ይኸው ነው። ሸራ ሙቀት አይሰጥም፤ ያለንን ሙቀት ዝናብና ንፋስ እንዳይወስዱብን ያደርጋል። እረኞቻችን ይህን ያወቁት ድሮ ነው። ደገኛው እረኛ ከቄጠማና ከሣር የተሠራ ገሳ ደርቦ ክረምቱን ሜዳ ላይ የሚውለው ገሳው ስለሚያሞቀው ሳይሆን ውኃውን ከላዩ ስለሚያንሸራትትለት ነው።

የትኛውን እንግዛ?

ገበያ ላይ «ሸራ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ዓይነት ነው። ሻጩን ከመጠየቃችሁ በፊት አራቱን ለይታችሁ ዕወቁ። ለማነጻጸር እንዲመቸን ሁሉንም 3 በ4 ሜትር አድርገን እናስባቸው።

የመጀመሪያው ከላስቲክ ክር ተሸምኖ በሁለት በኩል ስስ ላስቲክ የተለበጠው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ሸራ ነው። ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ውኃ አያስገባም፣ በየትኛውም የገበያ ቦታ አይጠፋም። ጉድለቱ ሲታጠፍ መንኳኳቱና ፀሐይ ላይ ከቆየ መሰነጣጠቁ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ውኃ እንዳያሳልፍ የተቀባ የናይለን ወይም የፖሊስተር ጨርቅ ነው። ለተራራ ተጓዦች የሚሠራ ሲሆን ከ1 ኪሎ በታች ይመዝናል፤ ተጠቅልሎ ከአንድ ጋቢ ያነሰ ቦታ ይይዛል። ውጭ አገር ያለ ልጅ ወይም ዘመድ «ምን ልላክላችሁ?» ሲል ጥሩ መልስ ነው። ጉድለቱ ዋጋውና እሳት ፈጽሞ የማይችል መሆኑ ነው፤ አንዲት ፍንጣሪ ትበሳዋለች።

ሦስተኛው የጥጥ ሸራ ነው። የእድር ድንኳን ሲነካ የሚሰማው ዓይነት ወፍራም ጨርቅ ማለት ነው። ጠንካራና ለሳምንታት ለሚቆም ድንኳን የሚመች ቢሆንም፣ በዚህ መጠን ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይሻግታል።

አራተኛው ለጭነት መኪና የሚውለው ወፍራም የላስቲክ ሸራ ነው። ከ6 ኪሎ በላይ ስለሚሆን መኪና ውስጥ ቢቀመጥ እንጂ በጀርባ የሚሸከሙት አይደለም።

ብዙ ሰው «ወፍራሙ ይሻላል» ብሎ ያስባል። ለጣሪያ ክዳን ከሆነ እውነት ነው። ለጉዞ ግን ወፍራሙ ሸራ ከባድ ስለሆነ «ዛሬ እንኳ ዝናብ የለም» ተብሎ ቤት ይቀራል፤ ቤት የቀረ ሸራ ደግሞ ማንንም አያድንም። ጥሩ ሸራ ማለት በችግሩ ሰዓት እጃችሁ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ የቤታችሁ ደካማ አዋቂ ሳያማርር ሊሸከመው የሚችለውን ምረጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የርዳታ ድርጅቶች የሚያድሉት 4 በ6 ሜትር የሆነ ጠንካራ ሸራ አንዳንድ ጊዜ ገበያ ላይ ሲሸጥ ይታያል። ያ ሸራ ለተፈናቀለ ቤተሰብ ቤት እንዲሆን የታሰበ ነውና ለሽርሽር ብለን አንግዛው።

መጠኑ ስንት ይሁን?

2 በ3 ሜትር የሆነ ሸራ አንድ አዋቂና አንድ ልጅ በደህና ያስጠልላል። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ላሉበት ቤተሰብ ወይም አያት ለተጨመሩበት ጉዞ 3 በ4 ሜትር ይመከራል። በረጅሙ በኩል መሐሉን በገመድ ከመሬት 1 ሜትር ከ10 ከፍ አድርጋችሁ ሁለቱን ጎን ወደ መሬት ብታወርዱት፣ ከሥሩ 2 ሜትር ወርድና 4 ሜትር ርዝመት ያለው ደረቅ ቦታ ታገኛላችሁ። አምስት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጥበታል፤ የታመመ ሰውም ይጋደምበታል። ከዚያ የበለጠ ትልቅ ሸራ ንፋስ ሲመጣ እንደ መርከብ ሸራ ይነፋና ሁለት ጎልማሳ ይታገለዋል። ብዙ ሰው ካላችሁ ከአንድ ትልቅ ሁለት መካከለኛ ይሻላል፤ አንዱ ለጣሪያ አንዱ ለምንጣፍ ይሆናልና።

ቀለሙን ስትመርጡ ብርቱካናማ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ይሁን። አረንጓዴና ቡናማ ከጫካው ጋር ይመሳሰላል፤ ፈላጊ ሲመጣ ግን መታየት ነው የምንፈልገው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ሳትከፍሉ በፊት አምስት ነገር አድርጉ። ሸራውን ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን ካሳለፈ ተዉት። ጠርዙን ተመልከቱ፤ ታጥፎ የተሰፋ ወይም የተበየደ፣ ውስጡ ገመድ የገባበት ቢሆን ይመረጣል። የብረት ቀለበት የገባባቸውን ቀዳዳዎች ቁጠሩ፤ በአራቱም ማዕዘንና በየ1 ሜትሩ ሊኖሩ ይገባል። አንዱን ማዕዘን ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ቀለበቱ ከተንቀሳቀሰ በንፋስ ይነቀላል። በመጨረሻም አንዱን ጫፍ እጠፉና በጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ ግለጡት፤ ነጭ ስንጥቅ ካወጣ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው። ሻጩ ቢያጉረመርም አትፈሩ፤ የልጆቻችሁን ጣሪያ ነው የምትገዙት።

አብረውት የሚሄዱ ዕቃዎች

ሸራ ብቻውን ጨርቅ ነው፤ መጠለያ የሚያደርገው ገመድ ነው። 10 ሜትር ያህል ጠንካራ የናይለን ሲባጎ ለመሐሉ፣ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር የሆኑ ስድስት ቁራጮች ለጠርዙ ያስፈልጋሉ። ካስማ መሸከም ግድ አይደለም፤ ድንጋይና እንጨት በየቦታው አለ። ትንሽ ቢላዋና የእጅ ባትሪ ግን አትርሱ።

ከሁሉ በላይ መሬቱን አትርሱ። ብዙ ሰው ከላይ የሚመጣውን ዝናብ ይከላከልና እርጥብ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ሙቀቱን ከሥር መሬቱ ይወስድበታል። ለግንባታ የሚሸጠው ላስቲክ ቁራጭ፣ ባዶ ማዳበሪያ፣ ስስ ስፖንጅ ወይም ሰሌን ይዛችሁ ሂዱ። ከሌለ ደረቅ ቅጠልና ሣር ወፈር አድርጎ ማንጠፍ፣ ቦርሳዎችንም እንደ መቀመጫ መጠቀም ይቻላል። ደረቅ ልብስ ደግሞ በፌስታል ታስሮ ቦርሳው ውስጥ ይቀመጥ።

የትና እንዴት ይተከል?

ዝናቡ ሳይጀምር ትከሉ። ሰማዩ ሲጠቁር «እስኪ እንየው» ብሎ መቆየት ሸራውን እርጥብ ሰው ላይ መዘርጋት ይሆናል።

ቦታ ስትመርጡ ከደረቅ ወንዝ ውስጥና ከዳሩ ራቁ። እናንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ላይኛው አገር ዘንቦ ደራሽ ውኃ ሊመጣ ይችላል። የኮረብታ ጫፍ ንፋስና መብረቅ አለበት፤ የጎድጓዳ ወለል ደግሞ ውኃና ቀዝቃዛ አየር ይሰበስባል። ከሁለቱ መካከል ያለ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ ቦታ ጥሩ ነው። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሳይታሰብ ተገንጥሎ ይወድቃልና ከትልልቆቹ ሥር አትተኙ።

የእድር ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ዋናውን ሥራ ያውቀዋል። ገመዱን በሁለት ዛፎች ወይም በሁለት ጠንካራ ምርኩዞች መካከል ወጥራችሁ እሰሩ፤ ሸራውን በላዩ ጣሉት፤ ማዕዘኖቹን ወደ ውጭ ስባችሁ በካስማ ወይም በድንጋይ ያዙ። ዝቅ ያለው ጎን ንፋሱ ወደሚመጣበት ይሁን። ሸራው ላይ ውኃ የሚቋጠርበት ጎድጓዳ አትተዉ፤ የተቋጠረ ውኃ ክብደቱ ሸራውን ይቀድደዋል። ውኃ በገመዱ ተከትሎ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ ከሸራው ጠርዝ ወጣ ብሎ ገመዱ ላይ አጭር ክር ወይም ቁራጭ ጨርቅ ብታስሩ ውኃው በእርሱ በኩል ይንጠባጠባል።

የብረት ቀለበቱ ከተነቀለ አትደንግጡ። አንድ ለስላሳ ጠጠር በሸራው ጫፍ ውስጥ ጠቅልሉና አንገቱን በሲባጎ እሰሩት፤ ከቀለበቱ የበለጠ ይይዛል። ቋጠሮውን እንደ ጫማ ክር አንድ ጫፍ ሲሳብ የሚፈታ አድርጉት፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት የጠበቀ ቋጠሮ አይፈታም።

ዛፍም ጊዜም ከሌለ ሁላችሁም በቦርሳዎቻችሁ ላይ ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ። ልጆችና አያቶች መሐል ይሁኑ። ሸራውን በጀርባችሁ ዙሪያና በራሳችሁ ላይ አልብሱና ጠርዙን ከሥራችሁ አስገቡ። አንድ ሰው ንጹሕ አየር የሚገባበትን ክፍተት በእጁ ይዞ ይቆይ፤ የልጆች ፊትም ከላስቲኩ ይራቅ።

ቆላ ለሚወርድ ሰው፣ ለምሳሌ ወደ አዋሽ ወይም ወደ አፋር፣ ሸራው ለጥላ ይውላል። ያን ጊዜ ከፍ አድርጋችሁ አራቱንም ጎን ክፍት ተዉት። በፀሐይ የተዘጋ ላስቲክ ውስጥ ልጅ ማስተኛት ምድጃ ውስጥ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ሸራው ራሱ አደጋ የሚሆንባቸው ሦስት ነገሮች

አንደኛ፣ ከሰል። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብናገረው አይበዛም፤ በሸራ ሥር፣ በድንኳን ውስጥ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከሰል አታስገቡ። «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ብቻ ነው የቀረው» ማለት መፍትሔ አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ያመጣል፤ የተኛው ሰውም ላይነቃ ይችላል። የጋዝ ምድጃም እንዲሁ ነው። እሳት የሚነደው ውጪ፣ ከሸራው ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ እናንተ በማያመጣበት በኩል ነው።

ሁለተኛ፣ መብረቅ። ሸራ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። ነጎድጓድ ከተሰማ ጣሪያና ግድግዳ ያለው ቤት ወይም በሮቹና መስኮቶቹ የተዘጉ መኪና ካለ ወደዚያ ሂዱ። ከሌለ ከኮረብታ ጫፍ ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ።

ሦስተኛ፣ ሕፃንን በላስቲክ መጠቅለል። ሕፃን የሚሞቀው በእናቱ ወይም በአባቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ሆኖ፣ ከላዩ በደረቅ ጋቢ ተሸፍኖ ነው። ሸራው ከሁለቱም በላይ ጣሪያ ይሁን እንጂ የሕፃኑ መጠቅለያ አይሁን።

ብርድ የገባበትን ሰው እንዴት እናውቃለን? ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ እጁ ይደነዝዛል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። ቀጥሎ ይደናቀፋል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል፣ ይነጫነጫል ወይም ዝም ይላል። ተጫዋች የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ካለ፣ አያት ነገር ከደጋገሙ ወይም ያሉበት ቦታ ከጠፋባቸው «ደክሟቸው ነው» ብላችሁ አትለፉ። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ አደጋው ከፍቷል ማለት ነው።

ዕርዳታው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ከዝናብና ከንፋስ አውጥታችሁ ሸራው ሥር አስገቡት። ከሥሩ ደረቅ ነገር አንጥፉ። እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፤ ራሱንም ሸፍኑ። ጤነኛ ሰው አጠገቡ ተኝቶ አቅፎ ያሙቀው። ነቅቶ የሚያወራና ያለ ችግር የሚውጥ ከሆነ ሞቅ ያለ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት። ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ብብቱና ደረቱ ላይ አድርጉ።

የማይደረገውም አለ። እጅና እግሩን አታሹ፤ እሳት አጠገብ አታስጠጉት። አረቄ አትስጡት፤ አረቄ ሙቀት የሚመስል ስሜት ይሰጣል እንጂ የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ያወጣዋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አታድርጉ። እንዲህ ያለውን ሰው አጋድማችሁ፣ ሳታንገላቱ፣ ቶሎ ወደ ሕክምና አድርሱ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ውስጥ አስገቡት።

ከመሄዳችሁ በፊት

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ወይም ከሰንበት ጉዞ ማኅበር ጋር የሚሄድ ከሆነ አስተባባሪውን በትሕትና ጠይቁ፦ ዝናብ ቢመጣ የት ትጠለላላችሁ? ሸራና ገመድ የሚይዘው ማነው? መትከል የሚችለውስ? የስልክ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ አለ ወይ? በስንት ሰዓት ካልተመለሳችሁ እንፈልጋችሁ? እነዚህ ጥያቄዎች ክርክር መፈለግ አይደሉም። ያሰበበት አስተባባሪ መልሱን ይዞ ይጠብቃችኋል፤ ያላሰበበትም በጥያቄያችሁ ምክንያት ያስብበታል።

የተገዛው ሸራ ደግሞ ከነማሸጊያው ቁም ሳጥን ላይ እንዳይቀመጥ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ አውጡት። ልጆቹ ገመዱን ይሰሩ፣ አያት ድንኳን እንዴት ይወጠር እንደነበር ያሳዩ፣ አንድ ባልዲ ውኃም ይደፋበትና የት እንደሚያፈስ ይታይ። ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ይወዱታል። ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ በ10 ደቂቃ ይተክሉታል፤ በጨለማና በዝናብ የሚጠቅመውም ይህ ልምምድ ነው። ከተጠቀማችሁበት በኋላ በደንብ አድርቃችሁ እጠፉት፣ የተበሳውን በሁለቱም በኩል በሰፊ ፕላስተር ለጥፉ፣ ሲባጎውን እዚያው ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያም የጉዞ ቦርሳው ውስጥ መልሱት።

ሸራው ለዓመታት ሳይዘረጋ ሊቆይ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶች ምክር ለእሳት ብቻ ሳይሆን ለብርድም እንውሰደው። በሚቀጥለው ጉዞ ዳቦውን ስትጠቀልሉ ሸራው ከቦርሳው ግርጌ መኖሩን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ዳሱ።